በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጭ መቋሚያ

ሰው በአገሩ ሳለ ምልክት ማንበቡን አያውቀውም። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌያችን በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ያየ መንገደኛ ጠላ እንዳለ ያውቃል፤ በለምለም ሣር ዳር እሾህ ተጋድሞ ያየ ከብቱን ይመልሳል፤ ከደጃፍ ድንኳን ተተክሎ እንደሆነ ለሠርግ ይሁን ለለቅሶ ከሰዎቹ የነጠላ አለባበስ ይለየዋል። ይህን ማንም አስቀምጦ አላስተማረንም። እኔ በበኩሌ ፊደል ያስቆጠርሁ፣ ዳዊት ያስደገምሁ፣ ቅኔ ያስቀጸልሁ ሰው ነኝና በሽምግልናዬ ማንበብ የማይችል ሰው እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የሆነው ልጄ ጣሊያን አገር ወስዳኝ ከእሷ ጋር በኖርሁባቸው ዓመታት ነው። ይሁንና ነገሩን ከምልክቱ ሳይሆን ከሰውየው መጀመር ይገባኛል።

ሰውየው የቅኔ ቤት ባልንጀራዬ ነው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ከምትገኝ አንዲት ደብር አጠገብ ጎጆ ቀልሰን፣ ለምነን ያመጣነውን ቁራሽ በአንድ አኩፋዳ ከትተን፣ አንዱን ለምድ በፈረቃ ለብሰን ተምረናል። እሱ ከመምህራችን ፊት ቀርቦ ቅኔውን ሲያሰማ መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው በተማሪው ሁሉ ፊት ያደንቁታል። እኔ ሳሰማ «ደኅና ነው፤ እስቲ አሁንም አስብበት» ይሉኛል። የእሱ ቅኔ በእርግጥ ከእኔ ይበልጥ እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። የማውቀው በአንዲት ጎጆ ጎን ለጎን ተኝተን እሱ ወዲያው ሲያንኮራፋ እኔን እንቅልፍ እምቢ ይለኝ እንደ ነበር ነው።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ እሱ ፍኖተ ሰላም ከሚገኝ ትልቅ ደብር ተመደበ፤ እኔ በገጠሯ ደብሬ ቀረሁ። ለአገልግሎት ጉዳይ ወደ ፍኖተ ሰላም ብቅ ባልሁ ቁጥር በጋሪ ላይ ከአጠገቤ የተቀመጠው ሰው ስለ እሱ ያወራልኛል።

«አንቱ፣ የኛን መሪጌታ ሰምተዋቸው ያውቃሉ?»

«አብረን ተምረናል» እላለሁ።

«ታድለዋል!»

እሱ ከእኔ ጋር በመማሩ ታድሏል ያለኝ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

በፍኖተ ሰላም ዋና መንገድ ባጃጅ ከጋሪ ጋር መጋፋት በጀመረበት ሰሞን ልጁ ወደ ጣሊያን ወሰደው። ከጥቂት ወራት በኋላ በገበያ ቀን ፎቶግራፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔም ጋ ደረሰ። ከአንድ የድንጋይ ካቴድራል ፊት መቋሚያውን ይዞ፣ ነጭ ጥምጥሙን አሳምሮ ቆሟል። ርግቦች በእግሩ ሥር ይለቅማሉ። ፎቶግራፉን ያቀበለኝ ጎረቤቴ «አንቱንስ ልጅዎ አትወስድዎትም?» ቢለኝ «እግዚአብሔር ያውቃል» አልሁት። በልቤ ግን በዚያው ሳምንት ለልጄ የምናገረውን እያሰላሁ ነበር። እግዚአብሔር ይስጣት፣ ወሰደችኝ። ነገር ግን ጣሊያን በሚያህል አገር ውስጥ ልጄ የምትኖርበት ከተማና እሱ የሚኖርበት ከተማ አንድ ሆኖ ተገኘ።

ልጄ አንዲት አሮጊት የምታስታምም ሠራተኛ ነበረች፤ ማለዳ ወጥታ ማምሻውን ትመለሳለች። እኔ ቀኑን ሙሉ ከምልክት ጋር ብቻዬን እውላለሁ። በዚያ አገር ምልክት የሌለበት ግድግዳ፣ ፍላጻ የሌለበት ማዕዘን የለም። በእኛ ትምህርት ደግሞ አንድ ቃል በአንድ ትርጓሜ አይቆምም፤ መምህሩ «አንድም» እያለ ሌላውን ይደርብበታል። እኔም መንገዱን እንደ መጽሐፍ ዘርግቼ መተርጎም ጀመርሁ። አንድ ቀን ከልጄ ጋር ስንሄድ ቀይ ክብ ሰሌዳ አየሁ፤ በመካከሉ ነጭ አግዳሚ አለበት።

«ይህስ መልካም ነገር ነው» አልኋት። «ክቡ ዓለም ነው፤ ቅላቱ ለዓለም የፈሰሰው ደም ነው፤ ነጩ በደሙ የነጻ ልብ ነው። አንድም...»

«አባባ፣ መኪና በዚህ አይግባ ነው የሚለው።»

«እሱ አንደኛው ነው። ሌላ ትርጓሜ የለውም?»

«የለውም።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ፣ አባባ። ይልቅ በእግረኛው መንገድ ይሂዱልኝ።»

ከቤታችን አለፍ ብሎ በአንድ ሕንፃ ላይ አረንጓዴ መስቀል በመብራት ይበራ ነበር። ከመጣሁ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ እየሄድሁ ግድግዳውን ተሳልሜ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ እመለሳለሁ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ከመስታወቱ ወዲያ ሆና ታየኛለች፤ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ናት ብዬ እጅ እነሣታለሁ። በኋላ ሴትዮዋ ወጥታ ክንዴን ይዛ አስገባችኝ፤ ወንበር ሰጠችኝ፤ ባርኮቱ ሊመጣ ነው ብዬ ስጠብቅ እጅጌዬን ሰብስባ የደም ግፊቴን ለካችኝ። ለካስ መድኃኒት ቤት ኖሯል! ግድግዳ እየተደገፍሁ የምቆመው አዙሮኝ መስሏታል። ልጄ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቋስ ባልከፋ፤ ከሳቋ በኋላ የተናገረችው ነው የከፋው።

«አባባ፣ ለምን ባልንጀራዎን አይጠይቋቸውም? ምልክቱን ሁሉ ለይተውታል እኮ። ብቻቸውን ነው የሚመላለሱት፤ ሰውም አያስቸግሩ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ምልክት እሷንም አልጠየቅሁ፤ እሱንማ ጭራሽ። በየእሑዱ በቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን። ካቶሊኮች ባዋሱን ሕንፃ ነበር የምንቀድሰው። እሱ በልጅነታችን እንደለመደው «አንተ» ይለኛል፤ እኔ «አንቱ» እለዋለሁ። ሰዎች አክብሮት ይመስላቸዋል።

እንግዲህ ለኪዳነ ምሕረት በዓል ዝግጅት ተጀመረ። እስከዚያ ድረስ ማኅሌቱን የሚመራው እሱ ብቻ ነበር። እኔ ከመጣሁ በኋላ ግን የቡሬ ልጆች «የኛም መሪጌታ አሉ» ማለት ስላበዙ አስተዳዳሪው ቄስ ሁለታችንን ጠሩን። በዕድሜ ከሁለታችንም የሚያንሱ ትሑት ሰው ናቸው።

«አባቶቼ፣ እኔ በእናንተ መካከል አልፈርድም» አሉን። «በዚህ በዓል የሚመራው የአጥቢያው መሪጌታ ሆኖ ይጸናል፤ ሌላው በግራ ይቆማል። እናንተው ተመካከሩና ንገሩኝ። ካልሆነ ለጉባኤው አቀርበዋለሁ።»

አልተመካከርንም። እሱ ነገሩን ፈጽሞ አላነሣውም፤ ዝምታው ራሱ «የእኔ ነው» እንደ ማለት ሆኖ ታየኝ። እኔ ቦታውን እፈልገው ነበር። ዕድሜ ልኬን ከእሱ ቀጥሎ ስጠራ ኖሬአለሁ፤ ባዕድ አገር ላይ እንኳ፣ በተዋስነው ሕንፃ ውስጥ እንኳ፣ አንድ ጊዜ ከእሱ በፊት ልቁም አልሁ።

ከመስኮታችን ማዶ፣ ከመንገዱ ወዲያ አንዲት ቤት ነበረች። ከበሯ በላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ በሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ነጭ መቋሚያ ተሥሏል። ቀጥ ያለ ዘንግ፣ ከራሱ ላይ አግዳሚ። የእኛ ካህናት በማኅሌት የሚደገፉት መቋሚያ እንጂ ሌላ ሊሆን እንደማይችል አልተጠራጠርሁም። በከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ሰሌዳ በየቦታው አይቻለሁ፤ በየበሩም አረጋውያን ይገባሉ፣ ይወጣሉ። የእነርሱ አገር የማኅሌት ሽማግሎች ማኅበር መሆን አለበት ብዬ ደመደምሁ። ለማንም ግን አልተናገርሁም።

ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት፣ ጉም በወረደበት አንድ ረፋድ፣ በመስኮት ስመለከት ነጭ ጥምጥም በጉሙ ውስጥ ሲመጣ አየሁ። እሱ ነው። በመቋሚያው ሰሌዳ ሥር ሲደርስ ቆም ሳይል፣ እንደ ቤተኛ፣ በሩን ገፍቶ ገባ። የጣሊያን ሽማግሎች ማኅበር እንኳ ተቀብሎታል! እኔ ደጃፌ ላይ ያለውን ማኅበር በመስኮት ሳይ እሱ ከከተማው ማዶ መጥቶ ገባበት! ነጠላዬን አንሥቼ ወረድሁ፤ መንገዱን እንዴት እንደ ተሻገርሁ አላስታውስም፣ መኪኖቹ ግን ጮኸውብኛል።

በመስታወቱ አጮልቄ አየሁ። ከወለል እስከ ጣሪያ በረድፍ የተደረደረው ሁሉ ሲጋራ ነበር። በሩ በተከፈተ ጊዜ የትንባሆው ሽታ ፊቴን መታኝ። የቅኔ ቤት ባልንጀራዬ፣ የፍኖተ ሰላም መሪጌታ፣ ከባንኮኒው ፊት ቆሞ ከሻጩ ጋር ይሣሣቃል። ሻጩ አንዲት ትንሽ ነገር አቀበለው፤ እሱም በነጠላው ሥር ከቀሚሱ ኪስ አገባት።

ከግድግዳው ጥግ ተሸሸግሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከመጣሁ ወዲህ ያ አገር እንደዚያ ረፋድ አምሮብኝ አያውቅም። በአገራችን ትንባሆ የሚያጨስ ሰው ከቅኔ ማኅሌት ሊቆም ይቅርና ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሲጠጋም ሰው ይገላምጠዋል። እንግዲህ የዚያ ሁሉ ድምፅ ምስጢር ይኸው! ቤቴ ተመልሼ ምሳዬን በደስታ በላሁ። በማግሥቱ ማለዳ ወደ አስተዳዳሪው ሄጄ፣ ማንንም ለመክሰስ ሳይሆን ለቤተ ክርስቲያን ክብር ብዬ፣ ያየሁትን እነግራለሁ ብዬ ወሰንሁ።

በማግሥቱ ልጄ ወደ ሥራዋ እንደ ወጣች ብቻዬን ወደ አውቶቡሱ ሄድሁ። እስከዚያ ቀን ብቻዬን ተሳፍሬ አላውቅም ነበር፤ እሑድ እሑድ ልጄ ትኬቱን ራሷ ይዛ መጥታ፣ ከመኪናው ውስጥ ካለች ማኅተም የምትመታ ሣጥን አስነክታ ትሰጠኛለች። የባለፈው እሑድ ትኬት በኪሴ ነበርና በቂ መሰለኝ። ጥቂት እንደ ሄድን ተቆጣጣሪ ገባ። ትኬቴን ተቀብሎ አገላበጠ፤ ጥምጥሜን አየ፤ ጢሜን አየ፤ ሳይቆጣ ክንዴን ይዞ በሚቀጥለው ፌርማታ አብሮኝ ወረደና ከመንገዱ ማዶ በጣቱ አመለከተኝ። ያመለከተኝ እንደ ደጃችን ያለ ሌላ ጥቁር ሰሌዳ ከነነጭ መቋሚያው ነበር።

«እኔ ትንባሆ አላጨስም» አልሁት በአማርኛ፤ ራሴንም ነቀነቅሁ።

አሮጌውን ትኬት ከፍ አድርጎ አሳየኝ፤ ደግሞ ሰሌዳውን አመለከተኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ በሌላ አውቶቡስ ሄደ።

የሚለው አልገባኝም፤ ቆሜ ቀረሁ። በዚህ ጊዜ አንዲት መነኩሲት፣ ከራሷ እስከ እግሯ ጥቁር የለበሰች፣ መስቀሏ ከደረቷ ላይ የተንጠለጠለ፣ ወደዚያች ቤት ገባች። እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸዋል ብዬ ሳልጨርስ ተመልሳ ወጣች። በጣቶቿ መካከል የያዘቻት ልጄ በየእሑዱ የምታመጣት ዓይነት ትኬት ነበረች። ከጸሎት መጽሐፏ ውስጥ እንደ ዕልባት አድርጋ ከተተቻት።

ያን ጊዜ ገባኝ፤ ትኬቱ የሚሸጠው ከዚያ ቤት ነው፤ እሱም ትላንት ከኪሱ ያገባት ትኬት ነበረች። ስለ ከተማው የገባኝ ነገር ነበርና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን የተዘረፍሁ ያህል ተሰማኝ። በትላንትናው ረፋድ ያገኘሁት ደስታ ሁሉ ከአንዲት መነኩሲት ጣት ላይ በነነ።

ወደ ቤት የሚመልሰኝን መንገድ አላውቀውም፤ ያለ ትኬትም ማንም አያሳፍረኝም። ስለዚህ ፊቴን አማተብሁ፤ አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፍኜ ገባሁ። አሮጌውን ትኬትና ልጄ ለክፉ ቀን ብላ በኪሴ ያኖረችውን ሳንቲም ከባንኮኒው ላይ አደረግሁ። ሰውየው አዲስ ትኬት ሰጠኝ። ትንፋሼን ይዤ ወጣሁ።

ከፌርማታው ላይ እሱ ቆሞ ነበር።

ከትንባሆ ቤት ስወጣ ያየኝ ከሰው ሁሉ እሱ! እሱ ግን ፊቱ በራ።

«አንተ! ብቻህን ወጣህ? ትኬት ገዝተህ ነው? ጎሽ! ጎሽ የኔ ወንድም!»

በእሱ ልብ ውስጥ ሌላ አሳብ ለቅጽበት እንኳ አላለፈም። እኔ እንዲህ ካለ በር ሲገባ አይቼው በደስታ የበላሁትን ምሳ አስቤ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልሁ።

«እኔማ» አለ እየሣቀ፣ «መጀመሪያ ሰሞን ከዚህ ቤት አልገባም ብዬ ስንቱን መንገድ በእግሬ ፈጀሁት። ልጄ ነው ጎትቶ ያስገባኝ። እንዲያውም ልንገርህ፣ ማንም እንዳትነግርብኝ። ያን ሰሌዳ አየኸው? እኔ እኮ ትንባሆ ቤት መሆኑን ሳላውቅ መቋሚያ መስሎኝ ነበር! የሽማግሎች ማኅበር ነው ብዬ ተሳልሜ፣ እጅ ነሥቼ... ሻጩ ዛሬም ባየኝ ቁጥር ይሥቃል።»

በቅኔ ቀደመኝ፤ በሹመት ቀደመኝ፤ በባሕር ማዶም ቀደመኝ። ስሕተቴ እንኳ የራሴ አልነበረም፤ ቀድሞኝ ተሳስቶታል፣ ስቆበትም ጨርሶታል።

«እኔስ ወዲያው ነው ያወቅሁት» አልሁ።

«አይ ያንተ ነገር! ድሮም ፈጣን ነህ እኮ።»

አውቶቡሱ መጣ። ትኬቴን ከእጄ ወስዶ ከሣጥኗ ውስጥ አስነክቶ መለሰልኝ። እሱም ወደ አስተዳዳሪው ቤት የሚሄድ ኖሯልና ተከተልሁት። በመንገዱ ሁሉ ሰሌዳ በሰሌዳ ይተረጉምልኝ ነበር፤ እኔ እያወቀ እንደሚሰማ ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ፤ አንዱንም ግን አላውቀውም።

የአስተዳዳሪው ቤት ከላይኛው ፎቅ ነው፤ ደረጃው አድካሚ ነው። ቄሱ በሩን ሲከፍቱ ሁለታችንንም እያለከለክን አገኙን።

«ሁለታችሁንም በአንድ ቀን! ግቡ፣ አባቶቼ፣ ግቡ። ምን እግር ጣላችሁ?»

እኔ ልከስ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ክሴ ደግሞ መንገድ ላይ ሞቷል። ባልንጀራዬን አየሁት። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ፊቱን ወደ ቄሱ መለሰ፤ አፉን ከፈተ።

ሊለው ያሰበውን ያወቅሁት መሰለኝ። «እሱ ይምራ፤ እኔ በግራ እቆማለሁ» ሊል ነው። ያ ልቡ፣ ያ ከትንባሆ ቤት ስወጣ «ጎሽ» ያለኝ ልቡ፣ ይህንንም ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ታየኝ፤ ሰው ሁሉ ትሕትናውን ሲያወራ፣ የቡሬ ልጆች ሳይቀሩ ሲያመሰግኑት፣ እኔ በመጀመሪያው ስፍራ ላይ የእሱን ምጽዋት ይዤ ስቆም። የፈለግሁትን ቦታ አገኛለሁ፤ የማገኘው ግን ከእሱ እጅ ነው። ይህን የሚችል ሆድ አልነበረኝም።

«አባታችን» አልሁ ቀደም ብዬ፣ ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኾ፣ «ለኪዳነ ምሕረት እሳቸው ይምሩ። እኔ በግራ እቆማለሁ። ይህንኑ ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»

ቄሱ ተነሥተው ትከሻዬን ሳሙ። ባልንጀራዬ አፉን ዘጋ፤ ወደ መሬት አቀረቀረ። ከያዘው ፌስታል ጧፍ አውጥቶ ለቄሱ አስረከበ፤ የመጣው ጧፍ ሊያደርስ ነው። ጥቂት ተጫውተን ወጣን።

ከደረጃው ስንወርድ መታገሥ አቃተኝ።

«አንቱ፣ ያን ጊዜ ምን ሊሉ ነበር?»

«መቼ?»

«አባታችን ሲጠይቁን። አፍዎን ከፍተው ነበር።»

ቆሞ አሰበ። «እ... ውኃ ልለምናቸው ነበር። ይህ ደረጃ ጉሮሮ ያደርቃል።»

ፊቱን መረመርሁት። የእኛ አገር ሰው እውነቱን በቀጥታ አይናገርም፤ እሱ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ቅኔ በኋላ ፊቱን መሸፈን የሚያቅተው ሰው አይደለም። ውኃ ይሁን፣ ቦታውን መልቀቅ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ውኃ ከሆነ የመሪነቱን ስፍራ ለውኃ ጥም ሰጠሁት ማለት ነው። ሌላው ከሆነ ደግሞ መስጠቱንም ደብቆ በዚያም በለጠኝ ማለት ነው።

የበዓሉ ዕለት እሱ በቀኝ፣ እኔ በግራ ቆምን። ከልዩ ልዩ ከተማ የመጣው ምእመን ሕንፃውን ሞልቶት ነበር። ሰላምታ ሊሰጠኝ የመጣው ሁሉ «እንዴት ያለ ትሕትና ነው የእርስዎ! አባታችን ነግረውናል» ይለኛል። ለአንዱም «አይደለም» አላልሁም፤ ምስጋናውን አንድ በአንድ ተቀበልሁ። ከዚያ እሱ ድምፁን አነሣ። ዕድሜ አልነካውም። እኔ ከእሱ ቀጥዬ እያነሣሁ፣ ድምፁ ባረፈበት ድምፄን እያሳረፍሁ፣ እስከ ፍጻሜ ቆምሁ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ልጄ ክንዴን ይዛ ከጎኔ ተቀመጠች። ደስ ብሏት ነበር።

«አባባ፣ ግሩም አድርገው መሩት፣ አይደል?»

«ደኅና ነው» አልኋት። «ማኅሌቱ አንገርጋሪው ላይ ሲደርስ ብቻ ጥቂት ቸኮለ።»

አልቸኮለም ነበር።